በመጋቢት ሰሜን እንግሊዝን በካምፐርቫን፦ ጡረታ ለወጡ ባልና ሚስት የቱ መኪና፣ የቱ ማደሪያ፣ የቱ አካባቢ?

በሰሜን እንግሊዝ ማርች ሲገባ ጸደይ መጣ ይባላል፤ ሌሊቱ ግን ገና አልሰማም። በዝቅተኛው ቦታ ቀን ላይ 9 ወይም 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርስና ሌሊት ወደ 2 ይወርዳል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ካደረ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይነጋል፤ ከፍ ባሉት መንገዶች ላይ በረዶ መጣሉም የተለመደ ነው። በበጋ ሰው መጀመሪያ አገሩን ይመርጣል፣ ቀጥሎ ማደሪያ ይይዛል፣ መኪናውን በመጨረሻ ያስባል። በመጋቢት ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ቀድሞ የሚጠየቀው መኪናው ሌሊቱን ሙሉ በምን ይሞቃል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የሚቆምበት መሬት ይሸከመዋል ወይ? ወዴት እንሂድ የሚለው ሦስተኛ ይመጣል።

ከዚህ በታች ያለው ከለንደን ወይም ከሌላ የእንግሊዝ ከተማ ተነሥተው በካምፐርቫን፣ ማለትም አልጋና ማብሰያ ባለው መኪና፣ ከ8 እስከ 12 ሌሊት ውጭ ለሚያድሩ ሁለት ሰዎች የተሰናዳ ነው።

መቼ?

የእኛ መጋቢት ከማርች 10 እስከ ኤፕሪል 8 ነው። መጀመሪያውና መጨረሻው ግን አንድ አይደሉም። ብዙ የካምፕ ቦታዎች ብርዱን ወራት ተዘግተው ይከርሙና ወይ በማርች አጋማሽ፣ ወይ በኤፕሪል 1፣ ወይ ለእንግሊዞች ፋሲካ ይከፈታሉ። ከማርች 15 በፊት የሚወጣ ሰው ምርጫው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ከሆኑት አያልፍም። የፋሲካው ሰሞን ደግሞ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ዋጋው ይንራል፤ ጠጠር የተነጠፈባቸው ማቆሚያዎችም ቀድመው ያልቃሉ። ስለዚህ የተሻለው ከማርች 15 ጀምሮ የፋሲካው ሰሞን እስኪገባ ያለው ጊዜ ነው።

የእነሱና የእኛ ፋሲካ መራራቁ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በ2027 የእነሱ ማርች 28 ይውላል፣ የእኛ ትንሣኤ ሜይ 2። የቤተሰብ በዓል ሳይነካ የእነሱን ግርግር መሸሽ ይቻላል ማለት ነው። የትምህርት ቤት ዕረፍት በየአካባቢው ስለሚለያይ፣ የምትሄዱበትን አካባቢ ምክር ቤት የዕረፍት ቀን አይታችሁ ቦታ ያዙ።

የማርች የመጨረሻው እሑድ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋልና ምሽቱ በአንዴ ይረዝማል። ከዚያ በፊት የምትጓዙ ከሆነ ካምፑ ጋ ገና ብርሃን ሳለ ድረሱ። የማያውቁት ግቢ ውስጥ በጨለማ ወደ ኋላ መግባት የመኪና ጎን የሚፋቅበት ዋናው አጋጣሚ ነው።

መኪናው

ሦስት ዓይነት ይቀርብላችኋል። የመጀመሪያው እንደ ቮልስዋገን ትራንስፖርተር ያለው ትንሹ፣ ጣሪያው ብድግ የሚለው ነው። ርዝመቱ 5 ሜትር ገደማ፣ ከፍታው 2 ሜትር አካባቢ ነው። እንደ ቤት መኪና ይነዳል፤ በየመኪና ማቆሚያው መግቢያ ላይ ከተሰቀለው የከፍታ አግዳሚ ሥር አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፤ ለ100 ማይል 13 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይበቃዋል። በጁላይ ከዚህ የሚሻል የለም። በመጋቢት ግን ጣሪያው ሲነሣ ጎኑ ሸራ ነው፤ ሙቀቱ በሸራው በኩል ይወጣል፣ ነፋስ ባለበት ሌሊትም ሲንጣጣ ያድራል። ጣሪያውን ዘግቶ ከታች መተኛት ይቻላል፤ ያኔ ደግሞ ቀና ብሎ መቆም አይቻልም። አልጋው በየማታው ይዘረጋል፣ በየጠዋቱ ይታጠፋል። ሽንት ቤቱ ካለም ወንበር ሥር የሚገባ ተንቀሳቃሽ ሳጥን ነው፤ ሌሊት እሱን ለማውጣት የተኛውን ሰው መቀስቀስ ይጠይቃል። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይህ ለአሥር ሌሊት የሚቻል አይደለም።

ሁለተኛው እንደ ፊያት ዱካቶ ካለ የዕቃ ቫን የሚሠራው ነው። በ5.41፣ በ5.99 እና በ6.36 ሜትር ርዝመት ይመጣል፤ ከፍታው ከ2.6 እስከ 2.7 ሜትር፣ የጎን መስታወቱ ሳይቆጠር ስፋቱ 2.05 ሜትር ነው። ቋሚ አልጋ፣ ሽንት ቤት፣ ሙቅ ውሃና ማሞቂያ ይኖረዋል። ለ100 ማይል 15 ሊትር ገደማ ይወስዳል። በርዝመቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ አልጋው ላይ ሲደርስ ግን ትልቅ ነው። በ5.99ኙ አልጋው ከጎን ወደ ጎን የተኛ ነው፤ ርዝመቱ 1.90 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከውስጥ በኩል የተኛው ሰው ሌሊት ሲነሣ ሌላኛውን ተሻግሮ መውረድ አለበት። በ6.36ቱ ብዙ ጊዜ ሁለት አልጋዎች በመኪናው ርዝመት በግራና በቀኝ ተዘርግተው በመሐላቸው መተላለፊያ አለ፤ እያንዳንዱ ሰው ጓደኛውን ሳይነካ እግሩን መሬት ያደርጋል። ለጡረተኛ ባልና ሚስት ከሁሉ በላይ የምንመክረው ይህን ነው። እነዚያ 37 ሴንቲ ሜትሮች የእንቅልፍ ጉዳይ ናቸው።

ሦስተኛው ከሹፌሩ ክፍል በስተኋላ ቤቱ ለብቻው የተገነባው ትልቁ ሞተርሆም ነው፤ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል፣ ወደ 2.3 ሜትር ይሰፋል። ግድግዳው ሙቀት በደንብ ይይዛል፣ መታጠቢያው ይመቻል። ለ100 ማይል 18 ሊትር ገደማ ይፈጃል፤ ነፋስ ሲገፋው መሪው ላይ ይሰማል። ችግሩ የሚመጣው በዮርክሻየር ዴልስና በሌክ ዲስትሪክት የመንደር መንገዶች ላይ ነው፤ በግራም በቀኝም ያለ ሲሚንቶ የተካበ የድንጋይ ካብ አለ፣ ከፊት ትራክተር ይመጣል፣ መተላለፊያው ከኋላ 100 ሜትር ላይ ነው። ይህን የሚመርጥ ሰው አንድ ቦታ አቁሞ በአውቶቡስ ለመዞር ቢዘጋጅ ይሻለዋል።

መንጃ ፈቃድን በተመለከተ፣ ቢ የተባለው ምድብ እስከ 3,500 ኪሎ ያስነዳል። ከጃንዋሪ 1, 1997 በፊት እዚሁ ተፈትኖ ያለፈ ሰው ሲ1 የተባለው ምድብም ስላለው እስከ 7,500 ኪሎ ይነዳል። 70 ዓመት ሲሞላ ግን መንጃ ፈቃዱ ይታደሳል፣ ከዚያም በየሦስት ዓመቱ። ቢን ለማደስ የራስ የጤና መግለጫ ይበቃል፤ ሲ1ን ለማቆየት በዲ4 ቅጽ የሐኪም ምርመራ ያስፈልጋል። ብዙ አከራዮች ደግሞ በኢንሹራንስ ምክንያት የዕድሜ ጣሪያ አላቸውና ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሁለታችሁንም ዕድሜ ነግራችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ባዶ ክብደቱ ከ3,050 ኪሎ የሚበልጥ ሞተርሆም አካፋይ በሌለው መንገድ ላይ በሰዓት ከ50 ማይል፣ አካፋይ ባለው ላይ ከ60 ማይል በላይ መሄድ አይፈቀድለትም። ተነሥታችሁ የምትወጡት ከለንደን ከሆነና የራሳችሁ አሮጌ ናፍጣ ቫን ካላችሁ፣ ዩሮ 6 የተባለውን የጭስ ልቀት ደረጃ ካላሟላ የዩሌዝ (የለንደን የአየር ብክለት መቆጣጠሪያ ቀጠና) ክፍያ በቀን 12.50 ፓውንድ ነው፤ የወጣችሁበትና የተመለሳችሁበት ቀን ሁለቱም ይቆጠራሉ።

ሙቀቱ

የብዙ ሰው የመጋቢት ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ደግሞ ቀላል ነው። የጋዝ ሲሊንደር ሁሉ አንድ አይደለም። ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ በታች ወደ ጋዝነት አይለወጥም፤ ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ምድጃው አይበራም፣ ማሞቂያው ስህተት ብሎ ይቆማል። ፕሮፔን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሠራል። በእንግሊዝ የካሎር ሰማያዊው ሲሊንደር ቡቴን፣ ቀዩ ፕሮፔን ነው። መኪናውን ስትረከቡ የጋዙን ሳጥን አስከፍቱና ቀለሙን እዩ፤ ሰማያዊ ከሆነ በቀይ ይቀየርልን በሉ። የሁለቱ ማያያዣ ስለሚለያይ መንገድ ላይ በቀላሉ ቀይራችሁ አትገላገሉም።

በጋዝ ብቻ የሚሞቅ መኪና ምን ያህል ይፈጃል? በብዙ ቫኖች ውስጥ የሚገኘው ትሩማ ኮምቢ 4 የተባለው ማሞቂያ ዝቅ ባለው ደረጃ በሰዓት 160 ግራም፣ ከፍ ባለው 320 ግራም ይወስዳል። ዝቅ ብሎ አሥር ሰዓት ቢሠራ 1.6 ኪሎ ነው፤ 6 ኪሎ ሲሊንደር አራት ሌሊት አይሞላም። ለአሥር ሌሊት ጋዝ ብቻ ማለት ሁለትና ሦስት ሲሊንደር ማለት ነው።

በናፍጣ የሚሠራው ማሞቂያ ከመኪናው ታንከር ስለሚጠጣ ሲሊንደር የሚባል ሐሳብ የለበትም፤ ባለ 2 ኪሎ ዋቱ ሌሊቱን በሊትር ተኩል ገደማ ያድራል። ሁለት ነገር ግን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ሲነሣ ለጥቂት ደቂቃ ከመኪናው መኖሪያ ክፍል ባትሪ 10 አምፒር ያህል ይስባል። ባትሪው የደከመ ከሆነ ጧት በብርዱ ሰዓት ለመነሣት ይሞክርና ይከሽፋል፤ ደጋግሞ ሲከሽፍ ራሱን ይቆልፋል። ሁለተኛ፣ መምጠጫ ቧንቧው የታንከሩን ታች ስለማይነካ ናፍጣው ወደ ሩብ ሲወርድ ማሞቂያው ይጠፋል። ማታ ካምፕ ከመግባታችሁ በፊት ከግማሽ በላይ ሙሉ። ሁልጊዜ ዝቅ አድርጎ ማሠራትም ጥላሸት ያጠራቅምበታል፤ በቀን አንዴ ለሩብ ሰዓት ሙሉ ኃይሉን ስጡት።

ሦስተኛው ከካምፑ ኤሌክትሪክ ጋር መሰካት ነው፤ ለዚህ ወር የምንመርጠውም ይህንን ነው። ሰማያዊ ባለ 16 አምፒር መሰኪያና 25 ሜትር ገመድ ያስፈልጋል፤ ገመዱን ተጠቅልሎ እንዳለ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ፈትታችሁ ተጠቀሙ፣ ተጠቅልሎ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይግላል። ብዙ ቦታዎች የሚሰጡት 10 አምፒር ነው፤ ይህ 2,300 ዋት ያህል ነው። ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ኮምቢ 900 ወይም 1,800 ዋት ላይ ይደረጋል። 1,800 ላይ አድርጋችሁ የቤት ውሃ ማፍያ ብትሰኩ ብሬከሩ ወዲያው ይወርዳል፣ ማንሻውም አንዳንዴ ውጭ፣ በዝናቡ፣ የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነው። 900 ላይ አቆዩት፣ ውሃውን በጋዝ አፍሉ። የእንጀራ ምጣድማ ቤት ይቅር።

ብዙዎችን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። ትሩማ ኮምቢ ውስጡ እንዳይቀዘቅዝ የሚጠብቅ ቫልቭ አለው፤ አካባቢው ወደ 3 ዲግሪ ሲወርድ ራሱ ይከፈትና የሙቅ ውሃውን ጋን ውሃ መሬት ላይ ያፈሳል። ጧት ከመኪናው ሥር ኩሬ ታያላችሁ፣ ፓምፑም ሳያቋርጥ ሲያንጎራጉር ታገኙታላችሁ። የተሰበረ ነገር የለም። ፓምፑን አጥፉ፣ መኪናውን አሙቁ፣ ቫልቩ ያለበት ቦታ ከ7 ዲግሪ በላይ ሲሆን ቁልፉን በእጅ መልሱት፤ ከዚያ በፊት አልያዝ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ አልጋው ሥር ወይም ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ስትረከቡ በጣታችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ።

የምግብ ምድጃውን ለማሞቂያ አታብሩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል፤ በዚያ ላይ አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ ከ1.6 ኪሎ በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይለቃል። ያ ውሃ መስታወቱ ላይ ያልባል፣ ፍራሹ ሥር ይገባል። መፍትሔው የጣሪያውን መስኮት ጣት በሚያስገባ ክፍተት ከፍቶ ማደር ነው፤ ሰው ብርድ ፈርቶ ሁሉን ሲዘጋ ጧት አንሶላው እርጥብ ይሆናል። የፊት መስታወቱን ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ የሚሸፍን ወፍራም መከለያ ካለ ልዩነቱ በአንድ ሌሊት ይታወቃል። ለአልጋው ከዱቬ በተጨማሪ ጋቢ ያዙ፤ በማርች ማታ ውጭ ወንበር ላይ ለመቀመጥም የሚተካከለው የለም።

ጾም የምትጾሙ ከሆነ የሁዳዴ ምግብ ለቫን ኩሽና የተሠራ ያህል ይመቻል፤ ሥጋና ወተት ስለሌለው ፍሪጁ አይጨናነቅም። ቁሌቱን ቤት አብስላችሁ በትናንሽ ዕቃ አቀዝቅዛችሁ ብትይዙት ሽሮው በሩብ ሰዓት ይደርሳል። ሽንኩርት ቫን ውስጥ ማቁላላት እንፋሎቱንም ሽታውንም ፍራሹ ውስጥ ያስቀራል። እንጀራውን በአራት በአራት አጥፋችሁ፣ በየሁለት ቀኑ የሚበላውን ለየብቻ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አኑሩ፤ ሁሉም በአንድ ላስቲክ ከሆነ በተከፈተ ቁጥር እርጥበት እየገባ ይሻግታል።

ማደሪያው

በእንግሊዝ መንገድ ዳር ወይም ሜዳ ላይ ካምፐርቫን አቁሞ የማደር መብት የለም፤ የመሬቱ ባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ብዙ የብሔራዊ ፓርክ መኪና ማቆሚያዎችም ማደር ይከለክላሉ። ስለዚህ ምርጫው በትልልቅ ካምፖችና በትናንሽ የእርሻ ቦታዎች መካከል ነው።

ትልልቆቹ፣ በተለይ ካራቫን ኤንድ ሞተርሆም ክለብና ካምፒንግ ኤንድ ካራቫኒንግ ክለብ የሚያስተዳድሯቸው፣ ጠጠር የተነጠፈበት ማቆሚያ፣ ኤሌክትሪክ፣ የሚሞቅ መታጠቢያ ቤትና የካሴት ሽንት ቤት (ሳጥኑ ተነቅሎ የሚደፋው) መድፊያ አላቸው። ትናንሾቹ የክለቦቹ ፈቃድ ያላቸው የእርሻ ግቢዎች ናቸው፤ በአንድ ጊዜ ከአምስት መኪና በላይ አያስተናግዱም፣ ብዙዎቹም ለክለቡ አባላት ብቻ ናቸው። ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ከትልልቆቹ በጣም ያነሰ ነው፣ ጸጥታው ግን ወደር የለውም፤ በአጥሩ ማዶ በግ ግልገሏን ስትጠራ ትሰማላችሁ። ነገር ግን አብዛኛው ሣር ነው፣ ያለውም አንድ የውሃ ቧንቧና መድፊያ ብቻ ሊሆን ይችላል። በመጋቢት መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ጠግቧል። ስትደውሉ «ጠጠር የተነጠፈበት አለ ወይ? ኤሌክትሪኩ ስንት አምፒር ነው? ውርጭ ሲሆን ቧንቧው ይሠራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስቱም ከተመለሱላችሁ ትንሹን ምረጡ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ የለም ከሆነ ወደ ትልቁ ሂዱ።

ሣር ላይ መቆም ግድ ከሆነ፣ ዱካቶም ትራንስፖርተርም የሚገፉት በፊት ጎማ እንደሆነ አስቡ፤ ክብደቱ ከኋላ፣ ጉልበቱ ከፊት ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ግቡና የፊት ጎማው ለጠንካራው መንገድ ቅርብ ሆኖ ይደር፤ አፍንጫው ወደ ቁልቁለቱ ቢሆን ደግሞ መልካም። ጎማው ከዞረ ወዲያው ነዳጁን ልቀቁ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር መኪናውን ሁለት ጣት ያሰምጠዋል። የውሃ ታንከሩን አፍስሱ፤ 100 ሊትር ማለት 100 ኪሎ ነው። ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ ጠርጉ፣ የመውጫ ምንጣፍ ወይም የወለሉን ምንጣፍ ገልብጣችሁ አስገቡ፣ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። አንዱ ሲነዳ ሌላው ከፊትም ከኋላም አይቁም፤ ምንጣፉ ተስፈንጥሮ ይወጣል። እምቢ ካለ ገበሬው ትራክተር አለው። የመጎተቻው ቀለበት ከመሣሪያው ጋር ተቀምጦ ይገኛል፤ በአንዳንድ መኪኖች የሚጠብቀው ወደ ግራ በማዞር ነው።

በየቀኑ ቦታ መቀየርን አንመክርም። ገመድ መጠቅለል፣ እጣቢ ውሃ መድፋት፣ ካሴት ማጽዳት፣ እንደገና መኪናውን ማስተካከል በብርድና በዝናብ ሁለት ሰዓት ይበላል። ለአሥር ሌሊት ሁለት መቆሚያ ይበቃል።

የቱ አካባቢ?

ሌክ ዲስትሪክት ስሙ ይቀድማል፣ ውበቱም እውነት ነው። ዝናቡም እውነት ነው፤ በቦሮውዴል ያለችው ሲትዌይት በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ትቀበላለች፣ በምሥራቁ የኖርዘምበርላንድ ጠረፍ ግን 700 ገደማ ነው። ደመናው ከምዕራብ መጥቶ ተራራው ላይ ያራግፍና ምሥራቁ ጋ ሲደርስ ቀሎ ይደርሳል። ሌክስን ከመረጣችሁ ኤ591 የተባለውን መንገድ አትልቀቁ፤ ከኬንዳል በዊንደርሚር፣ በአምብልሳይድና በግራስሚር አድርጎ ኬዚክ ያደርሳል፣ 555 ቁጥር አውቶቡስም በዚሁ ይሄዳል። ሃርድኖትና ራይኖዝ የሚባሉት መተላለፊያዎች በሦስት ሜትር አንድ ሜትር የሚወጡ ጥምዝምዞች ናቸው፤ በምንም ዓይነት ካምፐርቫን አትሞክሯቸው። የሆኒስተር መተላለፊያ ዳገቱ 25 በመቶ ነው። የከርክስቶን መተላለፊያ 454 ሜትር ከፍታ ላይ ነውና ውርጭ ካደረ ይቅር። ናቪጌተሩ አጭር መንገድ ብሎ ወደነዚህ ይመራልና መድረሻውን ብቻ ሳይሆን የምታልፉበትን ከተማም አስገቡለት። ዝናብ በሚውልበት ቀን የአልስዋተርና የዊንደርሚር ጀልባዎች አሉ፤ ከመስታወት ውስጥ ሆኖ ሐይቁን ማየት የራሱ ደስታ አለው።

ዮርክሻየር ዴልስ መካከለኛ ነው። ኤ684 በዌንስሊዴል በኩል ሌይበርንን፣ የኤስጋርዝ ፏፏቴንና ሆውስን ያገናኛል፤ ለ6 ሜትር መኪና ይመቻል። ከሆውስ ወደ ስዌልዴል የሚያሻግረው በተርተብስ የሚባለው መተላለፊያ 526 ሜትር ከፍታ ስለሚደርስ በጠራ ቀን ብቻ ውጡት። በሴትል መኪናውን አቁሞ የሴትል ካርላይልን ባቡር መሳፈር ግን ለማንም ጉልበት ይሆናል፤ ባቡሩ ባለ 24 ቅስቱን የሪብልሄድ ድልድይ ይሻገራል። ወደ ምሥራቅ ኖርዝ ዮርክ ሙርስ ውስጥ ፋርንዴል የሚባል ሸለቆ አለ፤ ከማርች አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ የዱር ዳፎዲል አበባ የወንዙን ዳር ቢጫ ያለብሰዋል። ከሎው ሚል እስከ ቸርች ሃውስስ ማይል ተኩል ገደማ፣ ሜዳ ለሜዳ ነው። መኪና ማቆሚያው ጠባብ ስለሆነ ከቅዳሜና እሑድ ውጭ፣ በጧት ሂዱ። ከቴርስክ በኤ170 የሚወጣው ሰተን ባንክ በአራት ሜትር አንድ ሜትር የሚወጣ ዳገት ነው፤ ተጎታች ካራቫን ተከልክሎበታል። ለሞተርሆም ክልክል ባይሆንም በማልተን በኩል በኤ64 መምጣት ልብ ያሳርፋል።

ኖርዘምበርላንድ በመጋቢት የመጀመሪያ ምርጫችን ነው። ዝናቡ ያነሰ፣ መንገዱ ሜዳማ፣ ሰዉ ጥቂት ነው። ነውሩ ነፋሱ ነው፤ በዚህ ወር የሰሜን ባሕር ውሃ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከባሕሩ የሚነፍሰው አየር ይሰረስራል፣ አንዳንድ ቀንም ጭጋግ ጠረፉን ይሸፍነዋል። ያኔ አሥር ማይል ወደ ውስጥ ግቡ፣ ብዙ ጊዜ ፀሐይ ታገኛላችሁ። ከክራስተር እስከ ደንስተንበራ ፍርስራሽ ግንብ ያለው መንገድ ከማይል ትንሽ የሚበልጥ፣ ሣር የለበሰና ዳገት የሌለው ነው። ባምብራ ቤተ መንግሥት ከአሸዋው በላይ ተቀምጦ ከሩቅ ይታያል። ከ122 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተገነባውን የሃድሪያን ግንብ ለማየት በቢ6318 ትሄዳላችሁ፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆንም ጉብታዎቹ ከፊት የሚመጣውን መኪና ስለሚደብቁ ቀስ ማለት ያስፈልጋል። ሃውስቴድስ ምሽግ ለመድረስ ከማቆሚያው ዳገት መውጣት አለ።

ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለመሻገር የሚያስቡ ሰዎች በኤ66 ይሄዳሉ። ይህ መንገድ ስቴንሞር ላይ በበረዶ ይዘጋል፣ ነፋስ ሲበረታ ደግሞ ከፍ ላሉ መኪኖች ይከለከላል። ለዚህ ነው ሁለቱን መቆሚያዎች በአንድ ወገን እንዲሆኑ የምንመክረው፦ አምስት ሌሊት በአልኒክ ወይም በባምብራ አካባቢ፣ አራት በዌንስሊዴል፣ አንዷን ሌሊት ለመንገዱ።

የጡረታ አውቶቡስ ካርዳችሁን አትርሱ። የእንግሊዝ ነጻ የአውቶቡስ ካርድ፣ የለንደኑ ፍሪደም ፓስም ጭምር፣ በመላው እንግሊዝ በአካባቢ አውቶቡስ ላይ ይሠራል፤ በሥራ ቀናት ከጧቱ 3:30፣ በእንግሊዝ አቆጣጠር 9:30፣ ጀምሮ ነው። የለንደኑ የ60 ዓመት ኦይስተር ግን ከለንደን ውጭ አያገለግልም። 555 ላይም በኖርዘምበርላንድ ጠረፍ በሚሄደው ኤክስ18 ላይም በዚህ መዞር ትችላላችሁ፤ 2.7 ሜትር መኪና 2.1 ሜትር አግዳሚ ሥር ማስገባት የለም።

ሊንዲስፋርን ወይም ሆሊ አይላንድ ለብቻው መነገር አለበት። ቅዱስ ኤይደን በ635 ገዳም የመሠረተበት ደሴት ነው፤ የቅዱስ ከዝበርት መታሰቢያ ማርች 20 ስለሚውል ጉዟችሁ ሊገጥም ይችላል። የጣና ገዳማትን በታንኳ የተሳለመ ሰው እዚህ የሚለየውን ወዲያው ያያል፦ ባሕሩ ራሱ በቀን ሁለቴ መንገዱን ይዘጋል፣ ሁለቴ ይከፍታል። የማቋረጫውን ሰዓት የኖርዘምበርላንድ ምክር ቤት በየቀኑ ለይቶ ያወጣል፤ የባሕሩን ሞላ ጎደል ከሌላ ሰንጠረዥ አትገምቱ፣ ነፋስ ውሃውን ያስቀድመዋል። የመግቢያውን ብቻ ሳይሆን የመመለሻውን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ፣ ከመዝጊያውም አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ውጡ። ካምፐርቫን ውስጥ ደሴቱ ላይ ማደር አይፈቀድምና «ካመለጠን እዚያው እናድራለን» የሚለው አይሠራም። አስፋልቱ ላይ የቀረ የባሕር ውሃ ካያችሁ ጠብቁ፤ ጨው ፍሬኑንና የመኪናውን ሆድ ይበላል፣ የኪራይ ኢንሹራንስም ብዙ ጊዜ በውሃ የደረሰ ጉዳት አይሸፍንም። ማታ ካምፕ ስትመለሱ ቧንቧ ከተፈቀደላችሁ ጎማዎቹንና ሥሩን በንጹሕ ውሃ አጥቡ፤ ሌሊቱ ውርጭ የሚያድር ከሆነ ደግሞ የእጅ ፍሬኑን አትሳቡ፣ በማርሽ አቁማችሁ ጎማው ሥር ማገጃ አድርጉ። እርጥብ የፍሬን ሸራ በውርጭ ከተጣበቀ ጧት መኪናው ንቅንቅ አይልም።